አድራሻ ቀያሪውና ምስጢር ጠባቂው

በሴፕቴምበር 1981 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠራ የነበረው ጆን ፖስቴል ያዘጋጀው አርኤፍሲ 791 የተባለ ሰነድ ወጣ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሰነዱ የአይፒ ፕሮቶኮልን አራተኛ ዕትም የደነገገ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በ32 ቢት የሚጻፍ አድራሻ ይኑረው ተባለ። በ32 ቢት ሊጻፍ የሚችለው አድራሻ ጠቅላላ ብዛቱ 4,294,967,296 ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ኔትወርክ የነበረው አርፓኔት በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደዚህ አሠራር ሲዞር በላዩ የነበሩት ኮምፒውተሮች ጥቂት መቶዎች ነበሩ። አራት ቢሊዮን አድራሻ ለዚያ ዘመን ባሕር ነበር።

አሠራሩ የቆመው በሁለት እምነቶች ላይ ነው። አንደኛ፣ አንድ አድራሻ በዓለም ላይ የአንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ፓኬት ከላኪው እንደወጣ ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል፤ መሐል ላይ ያለው ራውተር የሚያስተላልፍ እንጂ የላኪውን ማንነት የሚለውጥ አይደለም። በቀጣዮቹ ዓመታት አንዱ ወገን የመጀመሪያውን እምነት አፈረሰ፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሁለተኛውን በቁልፍ አሰረ። ዛሬ ሁለት መሥሪያ ቤቶችን በተመሰጠረ መተላለፊያ፣ በታነል፣ የሚያገናኝ የኔትወርክ ባለሙያ «ታነሉ ቆሟል፣ ግን ምንም አያልፍም» ብሎ የሚቸገርበት ጣጣ ሥሩ እዚህ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሕሩ መጉደል ጀመረ። አድራሻ የሚታደለው በመደብ ነበር፦ ትንሹ መደብ 256፣ መካከለኛው 65,536፣ ትልቁ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ይይዛል። አንድ ሺህ ኮምፒውተር ያለው ድርጅት ትንሹ መደብ ስለማይበቃው መካከለኛውን ይጠይቃል፤ ከተሰጠው ውስጥ ከስልሳ አራት ሺህ በላይ አድራሻ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የመካከለኛው መደብ ቁጥር ደግሞ ከ16,384 አይበልጥም። በ1993 መደቦቹን ያፈረሰ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ ቆርሶ የሚሰጥ የአመዳደብ ዘዴ ጸደቀ። ዘላቂ መፍትሔ እንዲሆን የታሰበው አዲሱ የአይፒ ዕትም ግን ገና በውይይት ላይ ነበር። እስከዚያ መሻገሪያ ያስፈልግ ነበር።

መሻገሪያውን ያቀረቡት ፖል ፍራንሲስ (ያኔ በፖል ሱቺያ ስም ይጽፍ ነበር) እና ቶኒ ኢንግ ናቸው፤ ሐሳባቸው በጃንዋሪ 1993 ታተመ። በሜይ 1994 ደግሞ ፍራንሲስ ከኬል ኤገቫንግ ጋር ሆኖ አርኤፍሲ 1631ን አወጣ። በውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ውጭ የማይታወቅ አድራሻ ይጠቀሙ፤ በድንበሩ ላይ የተቀመጠ ራውተር ፓኬቱ ሲወጣ የውስጡን አድራሻ በሕጋዊው ይተካ፤ መልሱ ሲመጣ መልሶ ይቀይር የሚል ነው። ባለሙያዎች «ናት» የሚሉት የአድራሻ ቅየራ እንዲህ ተወለደ። በኋላ የተስፋፋው ዓይነት ብዙ ኮምፒውተሮችን ባንድ አድራሻ ያወጣል፤ የሚለያቸው የፖርት ቁጥር ነው። አሠራሩ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ይመስላል፦ ከየክፍሉ የተጻፈው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቱ ስምና በወጪ ቁጥር ይወጣል፤ መልሱ ያንኑ ቁጥር ጠቅሶ ሲመጣ መዝገቡ ተገልጦ ወደ ክፍሉ ይመራል።

የሚገርመው፣ ኋላ የሚመጣውን ችግር የዘዴው ባለቤቶች ራሳቸው በሰነዱ ውስጥ ጽፈውታል። አድራሻ ወይም ከአድራሻ የተሰላ ነገር የያዘ ክፍል ሊመሰጠር አይችልም፤ ቀያሪው አንብቦ ማስተካከል አለበትና። ደግሞም ማን ከየት እንደመጣ ስለሚሸፈን ብልሽት መፈለግ ይከብዳል አሉ። ነገሩን ያቀረቡትም ለአጭር ጊዜ ማስታገሻ ብለው ነው። ገበያው ግን አልጠበቀም። በዚያው በ1994 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ጆን ሜይስ ሐሳቡን አመነጨ፣ በጆርጂያ ብራንትሊ ኮይል ኮዱን ጻፈ፣ ፒክስ የተባለው መሣሪያ ተሠራ። ዓላማቸው የመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ በጥቂት የውጭ መስመር ብዙ የውስጥ ስልክ እንደሚያገለግል ሁሉ ለአይፒም ያንኑ ማድረግ ነበር። ሲስኮ በኖቬምበር 1995 ኩባንያቸውን ገዛው፤ ፒክስም የብዙ ድርጅቶች ፋየርዎል ሆነ። አድራሻ መቀየርና ደጅ መጠበቅ ባንድ ሣጥን ተጋቡ።

ለውስጥ መጠቀሚያ የሚሆኑት አድራሻዎች በማርች 1994 በአርኤፍሲ 1597 ተለይተው ነበር። ወዲያው በጁላይ አርኤፍሲ 1627 የሚባል የተቃውሞ ሰነድ ወጣ፤ ርዕሱ ራሱ የ10 ቁጥር ኔትወርክን፣ ማለትም በ10 የሚጀምሩትን የውስጥ አድራሻዎች፣ «ጎጂ» ይለዋል። ተቃዋሚዎቹ አድራሻ ልዩነቱን ካጣ ነገ ሁለት ድርጅቶች ሊገናኙ ሲሉ ይጋጫሉ ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ በፌብሩዋሪ 1996 በአርኤፍሲ 1918 ተቋጨ፤ 10.0.0.0፣ 172.16.0.0 እና 192.168.0.0 ተብለው የሚጀምሩት የግል አድራሻዎች ጸኑ። ከተቃውሞው ሰነድ ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ኤሊዮት ሊር በዚህኛው ላይ ስሙን አኑሯል። ስጋቱም ጨርሶ አልተጣለም፤ ከግል አድራሻዎቹ ውስጥ በዕጣ ምረጡ የሚል ምክር ገባ። ምክሩን የሰማ ግን ጥቂት ነው። የቤት ራውተር አምራቹም የቢሮ ቴክኒሻኑም 192.168.1.0ን መረጡ።

ይህ ሲሆን እነዚህ ሰነዶች በሚወጡበት የኢንተርኔት ደረጃ አውጪ ማኅበር፣ በአይኢቲኤፍ ውስጥ፣ ሌላ ቡድን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። አይፒ ሲነደፍ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ፓኬቱን ማንበብም መለወጥም ይችላል። በኦገስት 1995 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ ራን አትኪንሰን አይፒሴክ የተባለውን የአይፒ ምስጢር መጠበቂያ የመጀመሪያ ሰነዶች አወጣ። በኖቬምበር 1998 አትኪንሰንና የቢቢኤን ኩባንያው ስቲቨን ኬንት አሻሽለው እንደገና ጻፉት። ሥራውን የመራው ቡድን ሁለት ሰብሳቢዎች ነበሩት፤ አንደኛው ሮበርት ሞስኮዊትዝ ነው። ይህ ሰው ከአርኤፍሲ 1918 ጸሐፊዎችም አንዱ ነው። የግል አድራሻን የደነገገው እጅና ምስጠራውን የመራው እጅ አንድ ነበር ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ሥራዎች ሲገናኙ አልተስማሙም።

አለመስማማታቸው ከዓላማቸው የመጣ ነው። አይፒሴክ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት። አንደኛው ኤኤች የሚባለው፣ ፓኬቱን ሳይመሰጥር ማኅተም የሚያትምበት ነው፤ ማኅተሙ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ሳይቀር ይሸፍናል። አድራሻ ቀያሪው አንዲት ቁጥር ሲነካ ማኅተሙ ይሰበራል፤ ተቀባዩም የተሰረዘና የተደለዘ ነው ብሎ ይጥለዋል። ለዚህ መላ የለም፤ ኤኤች ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ሁለተኛው ኢኤስፒ ይባላል። ይህኛው ይዘቱን ይመሰጥራል እንጂ የውጪውን አድራሻ በማኅተሙ አይሸፍንም። ስለዚህ ሙሉውን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ከትቶ በታነል ሲልክ፣ አንድ አድራሻ በአንድ ብቻ ቢቀየር ያልፋል። ብዙዎች ባንድ አድራሻ ሲወጡ ግን ይሰናከላል፤ ቀያሪው መለያ የሚያደርገው ፖርት በኢኤስፒ ላይ የለም። ቲሲፒንና ዩዲፒን ብቻ የሚያውቀው የቤት ራውተር ቁጥሩ 50 የሆነ ፕሮቶኮል ሲደርሰው የማን እንደሆነ አያውቅም።

ያለ ታነል፣ ይዘቱ ብቻ ሲመሰጠር ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። የቲሲፒ መቆጣጠሪያ ድምር ሲሰላ የሁለቱን ወገን አድራሻ ይጨምራል። ቀያሪው አድራሻውን ሲለውጥ ድምሩንም ማረም አለበት፤ ድምሩ ግን ተመስጥሯል። ተቀባዩ ፈትቶ ሲደምር አልገጥም ይለውና ይጥለዋል። አርኤፍሲ 1631 በ1994 የጻፈው ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል ደረሰ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህ የወረቀት ክርክር መሆኑ ቀረ። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ከቤትና ከሆቴል በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የተመሰጠረ መስመር፣ እንዲገቡ ፈለጉ፤ ቤቱም ሆቴሉም ከአድራሻ ቀያሪ ጀርባ ነው። የራውተር አምራቾች መፍትሔ ብለው አይፒሴክን «አሳልፍ» የሚል ምርጫ ጨመሩ። መሣሪያው ማን ቁልፍ ሲለዋወጥ እንደነበር አይቶ የሚመጣውን ኢኤስፒ ለእርሱ ይገምታል። ችግሩ፣ ኢኤስፒ የሚይዘው መለያ ቁጥር በሄደበትና በመጣበት አቅጣጫ የተለያየ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚመጣው ቁጥር የተነገረው በተመሰጠረ ንግግር ስለሆነ ራውተሩ ሊሰማው አይችልም። ሁለት ሠራተኞች ካንድ ቤት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲገቡ የአንዱ ፓኬት ለሌላው ይሰጣል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

አንዳንዱ አይፒሴክን ትቶ ሄደ። ጄምስ ዮናን በ2001 ያወጣው ኦፕንቪፒኤን የተመሰጠረውን ሁሉ በተራ የዩዲፒ ፓኬት ውስጥ ስለሚልክ አድራሻ ቀያሪው ሳያውቀው ያሳልፈዋል። በአይኢቲኤፍ ውስጥም ወደዚሁ ሐሳብ የሚያመሩ ረቂቆች ይዘጋጁ ነበር። በማርች 2004 በርናርድ አቦባና ዊልያም ዲክሰን አርኤፍሲ 3715ን አውጥተው የአድራሻ ቅየራንና የአይፒሴክን ጠብ በዝርዝር አንድ በአንድ መዘገቡ። ለመርዳት ሲባል በራውተሮች ላይ የተጨመሩት ብልሃቶች ራሳቸው አዲስ ችግር ፈጥረዋል የሚለውም እዚያው ተጽፏል።

እርቁ የወረደው በጃንዋሪ 2005 ነው። አርኤፍሲ 3947 እና 3948 የተባሉትን ሰነዶች የጻፉት ከማይክሮሶፍት፣ ከሲስኮ፣ ከፊንላንዱ ኤፍ-ሴኪዩርና ከሌሎች ድርጅቶች የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ቴሮ ኪቪኔን፣ ብራያን ስዋንደር፣ አሪ ሁቱኔንና ቪክቶር ቮልፔ በመጀመሪያው ላይ ስማቸው አለ። አሠራሩ ሁለት እርምጃ ነው።

መጀመሪያ፣ መሐል ላይ አድራሻ ቀያሪ መኖሩ ይጣራል። ሁለቱ ወገኖች ቁልፍ ለመለዋወጥ በዩዲፒ ፖርት 500 ሲነጋገሩ እያንዳንዱ የራሱንና የተቀባዩን አድራሻና ፖርት በሃሽ አስልቶ ይልካል። ተቀባዩ በፓኬቱ ላይ ያየውን አድራሻ በዚያው መንገድ አስልቶ ያመሳክራል። ከገጠመ መንገዱ ንጹሕ ነው። ካልገጠመ አንድ ቦታ ላይ እጅ ገብቷል፤ የትኛው ሃሽ እንዳልገጠመ ታይቶም ቀያሪው በማን ወገን እንዳለ ይታወቃል። ፓኬቱን የነካው አካል ምንም ሳይጠየቅ ይጋለጣል።

ቀጥሎ፣ ቀያሪ ካለ ሁለቱም ወደ ፖርት 4500 ይዛወራሉ፤ ኢኤስፒውም በዩዲፒ ተጠቅልሎ በዚያው ይሄዳል። ፖርት 500ን የተዉበት ምክንያት አለ። ያንን ፖርት ሲያዩ «ልርዳ» ብለው የሚገቡት ራውተሮች ብዙ ነበሩ፤ በማያውቁት ፖርት ላይ ግን እንደ ማንኛውም ትራፊክ ቆጥረው ያሳልፉታል። አድራሻ ቀያሪው ዝም ያለ ግንኙነትን ከመዝገቡ ስለሚሰርዝ ከኋላው ያለው ወገን አንዲት ባይት ብቻ የያዘ ፓኬት ይልካል፤ መነሻ ክፍተቱ 20 ሴኮንድ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣው ሁለተኛው የቁልፍ ልውውጥ ዕትም ይህን ሁሉ በውስጡ ይዞ መጣ። ኤኤች ግን ከእርቁ ውጭ ቀረ፤ ዛሬም አድራሻ ቀያሪን አያልፍም።

ከ2005 ወዲህ በመንገድ ላይ ያለው ጠብ በረደ። ጠቡ ግን ወደ ፋየርዎሉ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ሲስኮ ፒክስን የሚተካውን ኤኤስኤ 5500 አወጣ፤ ፋየርዎል፣ አድራሻ ቅየራና ቪፒኤን ባንድ ሣጥን ተዋሐዱ። አሁን ጥያቄው መሐል ላይ ማን አለ የሚል ሳይሆን፣ በሣጥኑ ውስጥ ከሁለቱ ሥራዎች የትኛው ይቀድማል የሚል ሆነ።

አንድ የተለመደ ብልሽት በቅርብ እንይ። ዋናው መሥሪያ ቤት 10.1.0.0/16፣ ቅርንጫፉ 10.2.0.0/16 ይጠቀማሉ እንበል። የዋናው ፋየርዎል የውጭ አድራሻ 203.0.113.10 ነው። ፋየርዎሉ ሁለት ደንብ ተሰጥቶታል። አንዱ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ 203.0.113.10ን ይልበስ ይላል። ሌላው፣ ከ10.1.0.0 ወደ 10.2.0.0 የሚሄድ ሁሉ ተመስጥሮ በታነል ይሂድ ይላል። ሁለቱም ለየብቻቸው ትክክል ናቸው። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር 10.1.0.25 የቅርንጫፉን ሰርቨር 10.2.0.5ን ይጠራል። ፋየርዎሉ አድራሻ ቅየራውን ከምስጠራው ያስቀድማል። ፓኬቱ ከምስጠራው ደጃፍ ሲደርስ ላኪው 203.0.113.10 ሆኗል፤ በሁለተኛው ደንብ ላይ ደግሞ ይህ ቁጥር የለም። ስለዚህ ሳይመሰጠር ወደ ኢንተርኔት ይለቀቃል፤ መድረሻው የግል አድራሻ ስለሆነም መንገድ ላይ ይጣላል።

ባለሙያውን የሚያሳስተው ታነሉ ጤነኛ መምሰሉ ነው። ቅርንጫፉ ሲጠራ ቁልፍ ልውውጡ ይሳካል። በዋናው ፋየርዎል ላይ የታነሉ ቆጣሪ ሲታይ ፈትቶ የተቀበለው ፓኬት ይጨምራል፤ መስጥሮ የላከው ግን ዜሮ ላይ ቆሟል። ይህን ያየ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ቢቀይር ትርፉ ድካም ነው፤ ቁልፉማ ባይገጥም ኖሮ የሚፈታ ፓኬት ባልኖረ ነበር። የሚያስፈልገው ወደ 10.2.0.0 የሚሄደው ከቅየራው ነጻ ይሁን የሚል ደንብ ነው። ከ2006 ጀምሮ በኤኤስኤ ላይ የመጣው ፓኬት ትሬሰር የሚባል ትእዛዝ የሐሰት ፓኬት አስገብቶ በየትኛው ደረጃ ምን እንደደረሰበት በተራ ስለሚያሳይ ጥፋቱን በደቂቃ ያጋልጣል።

በማርች 2010 የኤኤስኤ ሶፍትዌር 8.3 ሲወጣ የአድራሻ ቅየራው አጻጻፍ ከሥሩ ተለወጠ። ድሮ «ናት ዜሮ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፍ የነበረው ነጻ ማድረጊያ፣ አድራሻን በራሱ አድራሻ የሚተካ ደንብ ሆነ። ደንቦቹ በሦስት ክፍል ተደልድለው ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ የመጀመሪያው የገጠመ ይፈጸማል። ትክክለኛው ደንብ ተጽፎ ሳለ ከጠቅላላው ደንብ ሥር በመቀመጡ ብቻ የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። በሊኑክስ ላይም ቅደም ተከተሉ ያው ስለሆነ፣ ወደ ታነል የሚገባውን ማስከሬድ ከሚባለው የአድራሻ ቅየራ ደንብ በፊት ነጻ ማውጣት ያስፈልጋል።

የ1994ቱ ሌላው ስጋትም በዚሁ ዘመን ደረሰ። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሐዱ ወይም ቅርንጫፍ ሲጨመር በሁለቱም ወገን 192.168.1.0 ተገኘ። 192.168.1.20 የሚገኘው እዚህ ነው እዚያ? ኮምፒውተሩ ጎረቤቴ ነው ብሎ ስለሚያስብ ፓኬቱ ፋየርዎሉ ጋ እንኳ አይደርስም። መድኃኒቱ እሾህን በእሾህ ነው፦ እያንዳንዱ ወገን ወደ ታነሉ ከመግባቱ በፊት ሆን ብሎ በሌላኛው ዘንድ የሌለ አድራሻ ይለብሳል፤ ለምሳሌ አንዱ 172.20.1.0፣ ሌላው 172.20.2.0። የምስጠራው ደንብ የሚጻፈውም በተለወጠው አድራሻ ነው። ቀድሞ ጥፋት የነበረው ቅደም ተከተል እዚህ ላይ መዳኛ ሆነ።

በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 የዓለም አቀፉ አድራሻ አዳይ የመጨረሻዎቹን አምስት ትልልቅ ክፍሎች ለአምስቱ የአህጉር መዝጋቢዎች አከፋፈለ፤ ካዝናው ባዶ ሆነ። በኤፕሪል 2012 በአርኤፍሲ 6598 ከ100.64.0.0 የሚጀምሩ 4,194,304 አድራሻዎች ለአገልግሎት ሰጪዎች የጋራ መጠቀሚያ ተለዩ። አሁን ደንበኛው ከራሱ ቀያሪ ጀርባ ሆኖ እንደገና ከአገልግሎት ሰጪው ቀያሪ ጀርባ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ታነሉን ራሱ መክፈት አለበት፤ ከውጭ ሊጠራ አይችልም። በ2017 ዩዲፒ በሚከለከልበት ቦታ አይፒሴክን በቲሲፒ የሚያሳልፍ ደረጃ ወጣ። በማርች 2020 ደግሞ ዋየርጋርድ የተባለው የጄሰን ዶነንፌልድ ቪፒኤን በሊኑክስ 5.6 ውስጥ ገባ፤ ይህኛው ከመነሻው ዩዲፒ ብቻ ነው፤ ከቀያሪ ጀርባ ላለ ሰው በየ25 ሴኮንዱ ምልክት እንዲልክ ይመከራል። አድራሻ ቀያሪ መንገድ ላይ መኖሩን እንደ እንግዳ ነገር ሳይሆን እንደ ተፈጥሮ ተቀብሎ የተሠራ ነው።

ለአጭር ጊዜ የተባለው ማስታገሻ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ዘላቂው መፍትሔ፣ ስድስተኛው የአይፒ ዕትም፣ ለሁሉም የሚበቃ አድራሻ ይዞ ከ1995 ጀምሮ ሰነዱ ተጽፎ አለ፤ አሮጌውን ግን ገና አልተካም። እስኪተካ ድረስ ፋየርዎል የምታስተዳድሩ ሰዎች ሦስት ነገር ልብ በሉ። ለአዲስ ቅርንጫፍ አድራሻ ስትመርጡ ሌላው ሁሉ የሚመርጠውን አትምረጡ። በሁለቱ ፋየርዎሎች መካከል ዩዲፒ 500 እና 4500፣ ቀያሪ በሌለበትም ፕሮቶኮል 50 መፈቀዳቸውን አረጋግጡ። ታነሉ ቆሞ ትራፊኩ ካላለፈ ደግሞ ቁልፉን ከመቀየራችሁ በፊት በሁለቱም ወገን ቆጣሪውን አንብቡና ፓኬቱን ቀድሞ የነካው ቅየራው ይሁን ምስጠራው ለዩ፤ ብልሽቱ በአብዛኛው የሚገኘው እዚያ ነው።